ለአዲስ እንግዳ ሌላ ገንዳ

በተመራቂዎች የመገናኛ ቀን በወላይታ ሶዶ የተደረገ ንግግር

 ዳሞታ ተራራ ዛሬ ደመናውን ገፎ ነው የተቀበላችሁ፤ ይሄ ሁልጊዜ አይገኝም።

አዘጋጅ ኮሚቴው «ማኅበሩ ዘንድሮ ለሕፃናት ክፍል ምን ያበርክት በሚለው ላይ አሥራ አምስት ደቂቃ ተናገሪ» ብሎኛል። እናገራለሁ። ግን የምጀምረው ከዓሣ ነው። አብራችሁኝ የተማራችሁ ስትሳቁ እያየሁ ነው፤ ቆይ፣ ወደ ስጦታው እመለሳለሁ።

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ በምሠራበት የሕፃናት ተመላላሽ ክፍል በር አጠገብ አንድ አኳሪየም አስቀመጥሁ። መቶ ሊትር ገደማ ውኃ ይይዛል። የመስኮት መስታወት የሚቆርጥ የሶዶ ልጅ ነው በሲልከን ገጣጥሞ የሠራልኝ። ከተማ የለቀቀ ባልደረባዬ ስድስት ጎልድፊሾቹን ሰጠኝ። ምክንያቴ ጌጥ አልነበረም። የሳምባ ምች የተጠረጠረበትን ሕፃን ትንፋሽ አንድ ደቂቃ ሙሉ መቁጠር እንዳለብን ታውቃላችሁ። የሚያለቅስ ልጅ ትንፋሽ ደግሞ አይቆጠርም። ዓሣዎቹ ከመጡ በኋላ ልጆቹ መስታወቱ ላይ አፍንጫቸውን ለጥፈው ዝም ይሉልኛል፤ እኔም ከኋላ ሆኜ እቆጥራለሁ። «ይሄ ቆሮሶ ነው?» ይላል አንዱ። «ይበላል?» ይላል ሌላው። እናቶችም ወረፋው ሲረዝም እዚያው ቁጭ ብለው ያወራሉ።

ከኪንዶ ኮይሻ በየሁለት ሳምንቱ ለክትትል የሚመጣ፣ ኩላሊቱን የሚታመም የስምንት ዓመት ልጅ ነበረን። ትልቁን ቀይ ዓሣ «ዳሞታ» ብሎ ስም ያወጣለት እሱ ነው። ሲመጣ መጀመሪያ ለዳሞታ ምግብ ይሰጣል፣ ከዚያ ነው ሽንቱን ለምርመራ የሚሰጠው። በዚህ ተስማምተን ነበር።

በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ በቴሌግራም አንድ ሻጭ የለጠፈውን ፎቶ አየሁ። ዓይናቸው ወጣ ያለ፣ እንደ ከሰል የጠቆሩ ሁለት ጎልድፊሾች። ወዲያው ጻፍኩ፣ በቴሌብር ከፈልኩ። በማግስቱ ኦክስጅን በተሞላ ፌስታል ታሽገው፣ በካርቶን ሆነው፣ ከአዲስ አበባ በቡታጅራና በሆሳዕና በኩል በሚኒባስ ተጫኑ። ወደ ማታ መናኸሪያ ሄጄ ከሾፌሩ ተቀበልኩ። ዝናብ ነበር። ካርቶኑን ደረቴ ላይ አቅፌ ስሄድ ያየኝ ዘበኛችን «ዶክተር፣ ክትባት መጣ እንዴ?» አለኝ።

እዚህ ላይ ታናሽ ወንድሜን ላስገባ። ሜሪላንድ ነው የሚኖረው፤ ሳሎኑ ውስጥ የጨው ውኃ አኳሪየም አለው፣ ኮራሉ ሳይቀር። እዚያ ውስጥ ታንግ የሚባል ቢጫ ዓሣ ይኖራል። የታንግ ቤተሰብ በእንግሊዝኛ የሚጠራበት ስም «ቀዶ ሐኪም ዓሣ» ማለት ነው፤ ከጭራው ግርጌ በግራና በቀኝ እንደ ቢላዋ የሰላ አካል ስላለው። ሰርጀኖቻችን ደስ ይበላችሁ። ዘመዶቹ ከኛም ሩቅ አይደሉም። ቀይ ባሕር ውስጥ የሚኖረውን ሶሃል የተባለ ታንግ ለሳይንስ የመዘገበው ስዊድናዊው ፔተር ፎርስኮል ነው፤ እሱ ራሱ በ1763 እ.ኤ.አ. የመን ውስጥ በወባ ሞተ፣ መጽሐፉ የታተመው በ1775 እ.ኤ.አ. ነው።

ወንድሜ ያንን ታንግ የገዛው እንደኔ በኢንተርኔት ነው። ሲደርሰው ግን ወደ ትልቁ ገንዳ አላስገባውም። ባዶ ገንዳ ውስጥ፣ አሸዋ በሌለበት፣ አንድ የፕላስቲክ ቱቦ መደበቂያ አድርጎለት ስድስት ሳምንት ለብቻው አቆየው። የኔን ካርቶን በቪዲዮ ሳሳየው «እትዬ፣ ለይተሽ አስቀምጪያቸው» አለኝ። «እነዚህ እኮ ከኔ ይበልጥ ጤነኛ ይመስላሉ» አልኩት። «ጤነኛ መስለው ነው የሚመጡት» አለኝ።

አልሰማሁትም። ፌስታሉን ገንዳው ላይ ሃያ ደቂቃ አንሳፈፍኩ፣ ከዚያ ፈታሁና ከነውኃው ገለበጥኩት። ልጆቹ በማግስቱ ሲያዩ የሚደሰቱት ደስታ ነበር የታየኝ።

በስድስተኛው ቀን ዳሞታ ክንፍ ላይ የጨው ፍሬ የመሰሉ ነጭ ነጥቦች አየሁ። ከዚያ መብራት ጠፋ፤ ማሞቂያው ቆመ፣ ውኃው ቀዘቀዘ። ዓሣዎቹ ድንጋይ ላይ ሰውነታቸውን ያሻሹ ጀመር፤ ጉሮሯቸው አጠገብ ያለው መተንፈሻ ቶሎ ቶሎ ይከፈትና ይዘጋ ነበር። የልጆቹን ትንፋሽ የምቆጥርበት ሰዓት እጄ ላይ ነው፤ የነሱን ቆጠርኩ፣ ምንም ማድረግ ግን አልቻልኩም። በአሥራ አንደኛው ቀን ስድስቱም ነባሮች ሞተው ነበር።

በሽታው ነጭ ነጥብ ይባላል። የሚያመጣው ኢክትዮፍቲሪየስ የተባለ ባለ አንድ ሕዋስ ጥገኛ ተሕዋስ ነው። የወባን ዑደት በቃል የሸመደድን ሰዎች ስለሆንን ይገባናል። ተሕዋሱ በዓሣው ቆዳ ሥር ተደብቆ ይመገባል፤ ሲጠግብ ወድቆ ገንዳው ወለል ላይ ይጣበቅና ልባስ ያበጃል፤ በውስጡ ተከፋፍሎ በመቶ የሚቆጠሩ ልጆች ይለቃል፤ እነሱም በጥቂት ቀናት ውስጥ ሌላ ዓሣ ማግኘት አለባቸው። መድኃኒት የሚገድለው በውኃው ውስጥ ሲዋኙ ብቻ ነው። በቆዳ ሥር ያለውንም፣ ወለል ላይ የተለበጠውንም አይነካም። በሞቀ ውኃ ዑደቱ ከሳምንት ባነሰ ጊዜ ያልቃል፤ በቀዘቀዘ ውኃ ሳምንታት ይፈጃል። ስለዚህ አንድ ጊዜ መድኃኒት ሰጥቶ «ነጥቡ ጠፋ» ማለት መታለል ነው።

በባሕር ውኃ ውስጥ ያለው ክሪፕቶካርዮን የሚባል ሌላ ተሕዋስ ነው፤ ታንጎች ደግሞ በቀላሉ ይያዛሉ። ፍቱን ከሚባሉት መድኃኒቶች አንዱ መዳብ ነው፤ ግን መዳብ ኮራሉንና ሸርጣኑን ይገድላል። ትልቁ ገንዳ አንዴ ከተበከለ ዓሣዎቹን በሙሉ አውጥቶ ሌላ ቦታ ማከም፣ ገንዳውንም ያለ ዓሣ መተው ግድ ነው። አርቢዎቹ 76 ቀን ይላሉ። ወንድሜ ስድስት ሳምንት የታገሠው ለታንጉ ብቻ አይደለም፤ ውስጥ ላሉት ነው።

ልጁ በቀጠሮው ቀን ከኪንዶ ኮይሻ መጣ። ገንዳው ውስጥ ሁለቱ ጥቁሮች ብቻ ይዋኛሉ። አዎ፣ እነሱ አልሞቱም። ቀድመው ታመው የዳኑ ስለነበሩ ሳይሆን አይቀርም፣ ተቋቁመውት ነበር። «ዳሞታስ?» አለኝ። ሞተ አልኩት። «ማን ገደለው?» «እኔ ነኝ፤ አዲሶቹን ሳላጣራ ስላስገባሁ» አልኩት። ምንም አልመለሰልኝም። የምግቡን ቆርቆሮ ይዞ ጥቂት ቆመ፣ ከዚያ መልሶ ሰጠኝ። ያን ቀን ጥቁሮቹን ሳይመግብ ወደ ላቦራቶሪ ሄደ።

ያን ማታ እንቅልፍ የነሳኝ ግን ዳሞታ አልነበረም። ከዓመታት በፊት የሆነ ነገር ነው፤ ለብዙዎቻችሁ ነግሬያችሁ አላውቅም። ሌላ ሆስፒታል ነበርኩ፣ ተረኛ ነበርኩ። ማታ አንድ ሕፃን ትኩሳት፣ ሳልና የቀላ ዓይን ይዞ መጣ። ሽፍታ የለውም። ጉንፋን ነው ብዬ አሰብኩ። መለያ ክፍሉ ዕቃ ተከማችቶበት ነበር፤ ቁልፉን የያዘውም ሰው ሄዷል። ሲስተር «ዶክተር፣ የት ላስተኛው?» አለችኝ። «ሁለቱ አልጋ መሃል» አልኳት። በማግስቱ ፊቱ ላይ ሽፍታው ወጣ። ኩፍኝ ነበር።

ኩፍኝ ሽፍታው ከመውጣቱ አራት ቀን በፊት ጀምሮ እንደሚተላለፍ ለተማሪዎቼ ሁሌ አስተምራለሁ። ሕመምተኛው ከክፍሉ ከወጣ በኋላም ቫይረሱ አየሩ ላይ እስከ ሁለት ሰዓት እንደሚቆይ እናውቃለን። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሁለት ልጆች ተያዙ። አንደኛዋ በምግብ እጥረት ተኝታ ክብደት መጨመር የጀመረች የሰባት ወር ልጅ ነበረች፤ የኩፍኝ ክትባት የሚጀመርበት ዘጠኝ ወር አልሞላትም ነበር። ወደ ቤቷ አልተመለሰችም። ለእናቷ ኩፍኝ መሆኑን ነገርኳት፤ ከየት እንደመጣ ግን አልነገርኳትም። ለዚያ ልጅ ስለ ዓሣው የነገርኩትን ያህል እውነት ለዚያች እናት አልነገርኩም።

ዕቃውን ያከማቸሁት እኔ አይደለሁም። ግን ቁልፉን ለማስፈለግ አልደወልኩም። ልጁ በጣም የታመመ ቢመስል ኖሮ እደውል ነበር። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። መለየት የሚከብደን ከታመመው ሰው አይደለም፤ ደህና ከሚመስለው ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። የዛሬዋ ዱብሮቭኒክ፣ የያኔዋ ራጉዛ፣ በ1377 እ.ኤ.አ. ወረርሽኝ ካለበት አገር የሚመጡ እንግዶችን ሠላሳ ቀን ከከተማ ውጭ አቆየች። ኋላ አርባ ሆነ፤ «ኳራንቲን» የሚለው ቃልም ከጣልያንኛው አርባ የመጣ ነው። እኛ ደግሞ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮቪድ ሕመምተኛ ከተገኘ በኋላ «ለይቶ ማቆያ» የሚለውን ቃል ከገጠር እስከ ከተማ ሁሉም ለመደው። የዩኒቨርሲቲ ማደሪያዎች ሳይቀሩ ለይቶ ማቆያ ሆኑ። አሥራ አራት ቀን! ስንቱን ሰው አሳምኜ ነበር። በሁለተኛው ዓመት አንድ ፌስታል ዓሣ እጄ ላይ ሲገባ ረሳሁት።

አሁን እንዴት እንደማደርግ ልንገራችሁ፤ ዓሣ ማርባት የምትፈልጉ ካላችሁ ይጠቅማችኋል። ሻጩን ፎቶ አልጠይቅም፤ ሲበሉ የሚያሳይ ቪዲዮ ላክልኝ፣ ስንት ቀን አንተ ዘንድ ቆዩ እላለሁ። አዲስ ዓሣ ሲመጣ ቤቴ ውስጥ አርባ ሊትር የሚይዝ ክዳን ያለው ሳፋ ይጠብቀዋል። የራሱ መረብ፣ የራሱ ባልዲ፣ የራሱ ቱቦ አለው። የፊልተሩን ስፖንጅ ጠቃሚው ባክቴሪያ እንዲያድርበት አስቀድሜ ትልቁ ገንዳ ውስጥ ሳምንታት አቆየዋለሁ። ወደ ሳፋው ከገባ ግን ወደ ገንዳው አይመለስም። ፌስታሉ የመጣበትን ውኃ እደፋለሁ። ትንሽ ውኃ በዓሣው ቆሻሻ ቶሎ ስለሚመረዝ በየሁለት ቀኑ ከፊሉን እቀይራለሁ፤ የምተካውም ክሎሪኑ እንዲወጣለት ያደረ ውኃ ነው። መብራት ሲጠፋ ሙቅ ውኃ በሃይላንድ ሞልቼ አንሳፍፋለሁ። መጀመሪያ ነባሮቹን እመግባለሁ፣ ቀጥሎ አዲሶቹን፣ ከዚያ እጄን በሳሙና። ይሄ የቀዶ ክፍል ሥርዓት ነው፤ ከንጹሑ ወደ ተጠርጣሪው። አራት ሳምንት እንዲህ ነው። የሚያሰለቸው ሦስተኛው ሳምንት ነው፤ ዓሣው ደህና ነው፣ ይበላል፣ ልብ «በቃ» ይላል። ያኔ ነው የምጠነክረው።

አሁን ወደ ስጦታው። ማኅበራችን አንድ የአልትራሳውንድ ማሽን እንዲገዛ ሐሳብ ቀርቧል። ማሽኑ ያስፈልጋል፤ የሚቃወም የለም። እኔ ግን ድምፃችሁን የምጠይቀው ለሁለት ክፍሎች ነው። ከሕፃናት ዋርድ ተለይተው፣ በራቸው ወደ ውጭ የሚከፈት፣ ፊት ለፊትና ከኋላ ሰፊ መስኮት ያላቸው፣ የራሳቸው የእጅ መታጠቢያ ያላቸው ሁለት ክፍሎች። ስማችን የሚጻፍበት የሚያብረቀርቅ ዕቃ አይደለም። አብዛኛውን ቀን ባዶ ይሆናሉ፤ ባዶ ሲሆኑም ዕቃ እናስቀምጥባቸው የሚል ይመጣል። ስለዚህ አንድ ጥያቄ እጨምራለሁ፤ ቁልፋቸው በሰው ኪስ ሳይሆን በሲስተሮቹ ጠረጴዛ ላይ ይዋል፤ ይህም በስጦታው ደብዳቤ ላይ ይጻፍ።

በሌሊት የሚመጣ ልጅ ምን ይዞ እንደመጣ አናውቅም። ውስጥ ያሉት ደግሞ መሸሽ አይችሉም። ተረኛዋ ሐኪም እንደኔ ደክሟት ልትሳሳት ትችላለች፤ ቢያንስ «የት ላስተኛው?» ስትባል የምታሳየው በር ይኑራት።

ከኪንዶ ኮይሻ የሚመጣው ልጅ አሁን አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ በደህና ይከታተላል። ከወራት በኋላ ጥቁሮቹን መመገብ ጀምሯል፤ ስም ግን እስከ ዛሬ አላወጣላቸውም። ነገ ጠዋት ዋርዱን ለመጎብኘት ስትመጡ ገንዳውን በሩ አጠገብ ታገኙታላችሁ። መስታወቱን አታንኳኩ፣ ዓሣ ይደነግጣል።