ሒሳብ ከአውድማና ከጓዳ ይጀምራል



ዛሬ የምንነጋገረው ልጆቻችን በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስለሚማሩት ሒሳብ ነው። ብዙዎቻችሁ፣ «እኛ ፊደል የለየነው ገና አሁን ነው፤ የሒሳቡን ነገር አስተማሪው ያውቃል» ትሉ ይሆናል። እኛ አስተማሪዎች ግን ሒሳብ የሚጀምረው ከአውድማ፣ ከጓዳና ከገበያ ነው እንላለን።

ሒሳብ የማያውቅ ገበሬ ማን አለ? ለማሳው ስንት ቁና ዘር እንደሚበቃ ታሰላላችሁ። ከብት ከመስክ ሲገባ አንድ ቢጎድል ወዲያው ታውቃላችሁ። እናቶችም ለስንት ሰው ስንት እንጀራ እንደሚበቃ ሳይጽፉ ያውቁታል። ልጁ ይህን ከእናንተ ይማር።

ችግሩ ምንድን ነው? አንዳንድ ልጅ «ሰባት ጊዜ ስምንት፣ ሃምሳ ስድስት» እያለ እንደ ዳዊት ይደግማል። «7 ልጆች እያንዳንዳቸው 8 እንቁላል ቢሸጡ ስንት ይሆናል?» ሲባል ግን ዝም ይላል። ቃሉን ያዘ እንጂ ነገሩን አልያዘም። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባል የለ!

ስለዚህ ቁጥር መጀመሪያ በእጅ ይጨበጥ። አሥር አሥር ጭራሮ ቆጥራችሁ በልጥ እሰሩ። 37 ማለት 3 እስርና 7 ነጠላ ነው። 25 ማለት 2 እስርና 5 ነጠላ ነው። አሁን ደምሩ። 7 እና 5፣ 12 ሆነ። ከ12ቱ አሥሩን እሰሩ፤ 2 ይተርፋል። እስሮቹ 3፣ 2 እና አሁን የታሰረው 1፣ በድምሩ 6 ሆኑ። መልሱ 62 ነው። አስተማሪው «በእጅ 1» የሚለው ይህችን አዲስ እስር ነው።

በግዕዝ ቁጥር አሥር የራሱ ምልክት ፲፣ ሃያ ፳፣ መቶም ፻ አለው። ዜሮ ግን የለውም። ከሕንድ ተነሥቶ በዓረቦች በኩል በተስፋፋው አጻጻፍ ዋጋን የሚወስነው ቦታው ነው። 3 ብቻውን ሦስት ነው፤ በ30 ላይ ሠላሳ፣ በ300 ላይ ሦስት መቶ ይሆናል። ዜሮ ባዶውን ቦታ ትጠብቃለች። 205 ብርን 25 ብሎ የጻፈ ልጅ 180 ብር አጠፋ ማለት ነው።

ይህ ቀልድ አይደለም። አንድ ኩንታል 100 ኪሎ ነው። ሚዛኑ በየኩንታሉ 3 ኪሎ ቢያጎድል፣ 8 ኩንታል እህል የሸጠ ቤተሰብ 24 ኪሎ ተበላ። ሩብ ኩንታል ሊሞላ የቀረው አንድ ኪሎ ብቻ ነው! ሒሳቡ የገባው ልጅ ሚዛን ፊት ዝም ብሎ አይቆምም።

እንግዲህ ከእናንተ ምን ይጠበቃል?

አንደኛ፣ ልጁ ሲሳሳት ቁጣና ዱላ አይቅደም። «እንዴት አድርገህ አገኘኸው?» በሉት። ሲያስረዳ ብዙ ጊዜ ስሕተቱን ራሱ ያየዋል።

ሁለተኛ፣ ገበያ ስትሄዱ አስከትሉት። መልሱን ገንዘብ እሱ ይቁጠር፤ እናንተም አብራችሁ ቁጠሩ።

ሦስተኛ፣ ከትምህርት አታስቀሩት። ሒሳብ እንደ ቤት ሥራ ነው፤ ማገሩ ሳይታሰር ጣራ አይወጣም። ጓደኞቹ መደመር ሲማሩ ከብት ሲጠብቅ የከረመ ልጅ ማባዛት ላይ ይወድቃል። ጎረቤት ከጎረቤት ተስማምቶ ከብቱን በተራ ይጠብቅ።

ለወንዱ ያልነው ሁሉ ለሴቷም ነው። «ውኃና እንጨት የሴት ልጅ ሥራ ነው» እያላችሁ ከጥቁር ሰሌዳው አታርቋት። ነገ እህሏን ይዛ ሚዛን ፊት የምትቆመው እሷም ናት።

ዛሬ ማታ ጀምሩ። እሳት ዳር 12 ባቄላ አቅርቡና «ለ4 ሰው እኩል አካፍሉ» በሏቸው። ቀጥላችሁ «ለ5 ሰውስ?» በሉ። ለእያንዳንዱ 2 ደርሶ 2 ይተርፋል። ልጆቹ «የተረፈውንስ ምን እናድርገው?» ብለው ሲከራከሩ፣ ያን ጊዜ ትምህርቱ ተጀመረ ማለት ነው።