ጭሮና የጨርጨር ተራሮች

ደብተርና እርሳሳችሁን አቅርቡ። የዛሬው ንግግራችን ስለ ምዕራብ ሐረርጌ ነው።

በመጀመሪያ ሁለት ስሞች ጻፉ። አንዱ «ጭሮ» ነው፤ ሁለት ፊደል። ሌላው «አሰበ ተፈሪ» ነው፤ ስድስት ፊደል። ሁለቱም የአንድ ከተማ ስም ናቸው። ከተማዋ ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ 326 ኪሎ ሜትር ርቃ ትገኛለች፤ የምዕራብ ሐረርጌ ዞን ዋና ከተማ ናት። በመንግሥት ወረቀት ጭሮ ትባላለች። ብዙ ሰው ግን ዛሬም አሰበ ተፈሪ ይላታል። እንግዲህ አውቶቡስ ተራ ቆማችሁ አንዱን ስም ስትፈልጉ ሌላውን ብታነቡ አትደናገጡ፤ ተሳፈሩ።

አሁን ወደ መሬቱ እንሂድ። ከተማዋ ያለችው በጨርጨር ተራሮች ላይ ነው። እነዚህ ተራሮች እንደ ቤት ጣራ ናቸው። በሰሜን በኩል የወረደው ዝናብ ወደ አዋሽ ይፈስሳል። በደቡብ በኩል የወረደው በራሚስና በሌሎች ወንዞች አድርጎ ወደ ዋቢ ሸበሌ ይሄዳል። አዋሽ ባሕር አይደርስም፤ አፋር ምድር ውስጥ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል።

በደጋውና በወይና ደጋው ገበሬው ማሽላ፣ በቆሎ፣ ቡናና ጫት ያመርታል። ከነዋሪው የሚበዛው ኦሮሞ ነው፤ በጨርጨር በተለይ ኢቱዎች። የኢቱ የገዳ ሸንጎ ይቀመጥበት የነበረው ኦዳ ቡልቱም በዴሳ አጠገብ ይገኛል። በከተሞቹ አማራም፣ ሌላውም ወገን አለ። ወደ ሚኤሶ ቆላ ስትወርዱ ደግሞ ከብትና ግመል የሚያረቡ ኦሮሞዎች፣ ሶማሌዎችና አፋሮች ታገኛላችሁ። በግጦሽና በውሃ የተጣሉበት ጊዜ ብዙ ነው። ገበያ ግን ያገናኛቸዋል።

እንዴት? በሬውን እንመልከት። የቆላው አርብቶ አደር ወይፈኑን ለገበያ ያወጣል። የደጋው ገበሬ ይገዛዋል። መሬቱ ጠባብ ስለሆነ ለግጦሽ አያሰማራውም፤ ደጁ ላይ አስሮ በእጁ ያበላዋል። ምን ያበላዋል? ማሽላውን ሲዘራ አብዝቶ ይዘራል። በኋላ ከመካከሉ እየነቀለ ያሳሳዋል፤ የተነቀለው ለበሬው ነው። አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላም አገዳው መኖ ነው፤ ማገዶም ነው፤ አጥርም ነው። የሐረርጌ ሰንጋ ዝናው የመጣው ከዚህ እንክብካቤ ነው። ዝናብ ሲቀር ታዲያ የሚጎዳው አንዱ ብቻ አይደለም። ደጋው እህልም መኖም ያጣል፤ ቆላው ወይፈኑን የሚገዛው ያጣል።

ባቡሩ ተራራውን አልወጣም። ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የድሮው ሐዲድ በታች በቆላው፣ በሚኤሶ በኩል አለፈ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡርም መንገዱ በዚያው በሚኤሶ በኩል ነው። ጭሮን የምታገናኘው የመኪናው መንገድ ናት።

ጭሮ ስትገቡ በየሰሌዳው ላይ ሁለት ዓይነት ጽሕፈት ታያላችሁ። አንዱ የምታውቁት ፊደል ነው። ሌላው ኦሮምኛ የሚጻፍበት ቁቤ ነው። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ኦሮምኛም የተማረው በዚሁ በእኛ ፊደል ነበር። ቁቤ ሥራ ላይ የዋለው ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ነው። በዘመቻው ማንበብ የቻሉ አባቶችና እናቶች የልጆቻቸውን ኦሮምኛ መጽሐፍ ለማንበብ እንደገና ፊደል መቁጠር ነበረባቸው።

እስቲ አሁን የሌሎቹን ከተሞች ስም ጻፉ፦ ገለምሶ፣ አራት ፊደል። በዴሳ፣ ሦስት። ሂርና፣ ሦስት። ሚኤሶ፣ ሦስት።