አንድ ማዕድ ለሁላችን፤ ስንዴና ገብስ የሌለበት የዶሮ አሮስቶ

በመቱ በተደረገው የአባላት ስብሰባ ላይ የማዕድ ቤት ኮሚቴው ያቀረበው ንግግር



የቁጠባውና የብድሩ ሪፖርት ከምሳ በኋላ ይቀርባል። ለእኛ የተሰጠን ግማሽ ሰዓት ነው፤ የምንናገረውም ስለ አንድ ማዕድ ነው። በመጪው ዘመን መለወጫ አብረን የምንበላው ድግስ የዶሮ አሮስቶ፣ ድንችና አንጮቴ፣ የሽንኩርት መረቅ፣ የጤፍ እንጀራና የበቆሎ ዳቦ ይሆናል። ከዳር እስከ ዳር የስንዴም የገብስም ብናኝ አይገባበትም።

ምክንያቱን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። የአንዲት አባላችን ሴት ልጅ ናት፤ አሁን ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እናቷ እንድንናገር ፈቅዳልናለች፣ ስም ግን አንጠራም። ይህች ልጅ ከሦስት ዓመቷ ጀምሮ ሆዷ ይነፋል፣ ያስቀምጣታል፣ እንደ እኩዮቿም አላደገችም። የትል መድኃኒት ወሰደች፣ የጃርዲያ ወሰደች፣ ለደም ማነስ ሽሮፕ ጠጣች። ቡዳ ነው ያሉም ነበሩ። በመጨረሻ አዲስ አበባ ተወስዳ ደሟ ተመረመረ፣ ከትንሹ አንጀቷም ናሙና ተወሰደ፤ ሴሊያክ የሚባል በሽታ ሆኖ ተገኘ።

ሴሊያክ ማለት ሰውነት ግሉተንን እንደ ጠላት ቆጥሮ ሲዋጋ የራሱን የትንሹን አንጀት ግድግዳ የሚጎዳበት በሽታ ነው። ግሉተን ደግሞ የምናውቀው ነገር ነው፤ የስንዴ ሊጥ ስንለውስ የሚሳበው፣ ዳቦውን የሚያነሣው ሙጭጭ ያለ ነገር እሱ ነው። በስንዴ፣ በገብስና ራይ በሚባለው የፈረንጅ እህል ውስጥ ይገኛል። አንጀቱ ሲጎዳ የተበላው ምግብ ለሰውነት አይደርስም፤ ልጅቷ እየበላች የምትከሳው ለዚህ ነበር። መድኃኒቱ ግሉተንን ዕድሜ ልክ መተው ብቻ ነው። ትንሽ ትንሽ እየበሉ መላመድ የሚባል ነገር የለም፤ አይተላለፍም፣ በጸሎትም በምርቃትም ስንዴው ጤፍ አይሆንም።

በነገራችን ላይ ስንዴው መሆኑን የደረሰበት ዊለም ዲከ የሚባል የኔዘርላንድ የሕፃናት ሐኪም ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ፣ እ.ኤ.አ. በ1944 እና 1945 ብርድ ወራት፣ አገሩ ተርቦ ዳቦ ሲጠፋ እነዚህ ሕፃናት ይሻላቸው ነበር፤ ዳቦው ሲመለስ በሽታውም ተመለሰ። ዲከ ቀድሞም የጠረጠረውን ያ ረሃብ አጠናከረለት። ከስልሳ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2005፣ እዚያው ኔዘርላንድ ያሉ ተመራማሪዎች የእኛን ጤፍ መርምረው እነዚህን ሕመምተኞች የሚጎዳው ነገር እንደሌለበት አሳተሙ። (ጤፍን የእኔ ፈጠራ ነው ብሎ ፓተንት ያወጣም አንድ የዚያው አገር ኩባንያ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት ሻረበት። እናቶቻችን ሲያቦኩት የኖሩትን!)

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንል አናልፍም። የልጅ ሆድ በነፋ ቁጥር ሴሊያክ ነው ብላችሁ ዳቦ እንዳትከለክሉ። ትልና ጃርዲያ በእኛ አገር ብዙ ናቸው። ደግሞም ሴሊያክ ከተጠረጠረ ከምርመራው በፊት ስንዴውን ማቋረጥ ውጤቱን ያሳስታል። አስቀድሞ ሐኪም ይየው።

አሁን ወደ ድግሱ እንምጣ። ልጅቷ እስካሁን ሠርግም ይሁን ማኅበር ስትመጣ የራሷን ምሳ ዕቃ ይዛ፣ ከእናቷ ጎን ተቀምጣ ነው የምትበላው። የተለየ ሳህን ይበቃል ያላችሁ ነበራችሁ፤ አይበቃም። እኛ ጋ የሚበላው ከአንድ ትሪ ነው፣ ከዚያም ጉርሻ አለ። ድፎ ዳቦ የቆረሱ እናት በዚያው እጃቸው «ነይ የኔ ልጅ» ብለው ሲያጎርሷት እምቢ ማለት እንዴት ትችላለች? እምቢ ካለች ስድ ትባላለች፤ ከጎረሰች ታማ ታድራለች። እናቷም ድግስ በመጣ ቁጥር የሰው እጅ ስትጠብቅ እህል ሳትቀምስ ትነሣለች። ስለዚህ የልጅቷን ሳህን ከመለየት ማዕዱን በሙሉ ለእሷ የሚሆን ማድረግ ይሻላል ብለን ወሰንን። ማንም ቢያጎርሳት የማያስፈራ ማዕድ።

«ለአንዲት ልጅ ብለን ሁላችንም ዳቦ እንተው ወይ?» የሚል ጥያቄ በኮሚቴው ውስጥም ተነሥቷል፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። እኛ ግን ይህን አሰብን። ማኅበራችን ውስጥ ሙስሊምም ክርስቲያንም አለን። በድግስ ቀን ሁሌ ዶሮው በሁለት ወገን ይታረዳል፣ ሁለት ድስት ይጣዳል፣ ጭልፋው አይቀላቀልም። ይህን ሸክም ብላ የምታማርር አንዲት ሴት አላየንም። መስከረም 1 ረቡዕ ወይም ዓርብ ከዋለም ለጿሚዎቹ ስንል ድግሱን ወደ ማግስቱ እናሸጋግራለን። እንዲህ መጠንቀቅ የለመደ እጅ የስንዴ ዱቄትን ለአንድ ቀን ከቤት ማስወጣት አያቅተውም። በሥጋው ሁለት ድስት ይሆናል፤ እንጀራው ግን ለሁሉም አንድ ነው።

እንጀራው ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ከባዱ ሥራ ያለው እዚህ ነው። እንጀራም አልነው ቡዴና፣ ጤፍ ብቻ ከሆነ፣ ወይም ጤፍ ከበቆሎና ከማሽላ ጋር ከሆነ ችግር የለበትም። ችግሩ መንገድ ላይ የሚገባው ነው። ጤፉ በተወቃበት አውድማ ስንዴ ወይም ገብስ ተወቅቶ ሊሆን ይችላል። ደግነቱ ጤፍ ከሁሉም እህል ያንሳል፤ በጠባብ ወንፊት ሲነፋ ስንዴውና ገብሱ ከላይ ይቀራል። በቆሎና ማሽላን ግን ተቀምጦ በእጅ መልቀም ነው። ቀጥሎ ወፍጮ ቤቱ አለ። ከፊታችን ስንዴ የተፈጨ ከሆነ የድንጋዩና የሣጥኑ ዱቄት በእኛ ጤፍ ላይ ይራገፋል። ወፍጮው ሌሊቱን ከቆመ በኋላ ጠዋት፣ ሣጥኑና ማውረጃው በደንብ ተጠርጎ፣ በመጀመሪያ የሚወጣው ጥቂት ኪሎ ለብቻ ተይዞ ዳቦ ለሚበላ ቤት ይሰጥ፤ የእኛ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ስንዴ ጨርሶ የማይፈጭበት ወፍጮ ቢኖር ይመረጣል።

እርሾውም አለ። ከጎረቤት የተቀዳ እርሾ የጎረቤትን እህል ይዞ ይመጣል። ስለዚህ የተለየውን የጤፍ ዱቄት በንጹሕ ዕቃ በውኃ አቡክቶ ለጥቂት ቀናት አስቀምጦ የራስን እርሾ ማስጀመር ነው። ምጣዱም የስንዴ ቂጣ ያልተጋገረበት ይሁን፤ ሸክላ የመጠጠውን አይለቅም። ማሰሻውም፣ ሰፌዱም፣ የቡሃቃው ማማሰያም እንደዚሁ። ይህን ሁሉ ስትሰሙ የሚያስፈራ ይመስላል፤ የልጅቷ እናት ግን ቤቷ ውስጥ በየቀኑ የምታደርገው ነው።

አጃን ትተነዋል። አንደኛ ከገብስ ጋር ተቀላቅሎ ይመጣል፤ ሁለተኛ በአንዳንድ አገር አጃ የሚባለው ራሱ የስንዴ ዘር ነው። የሾርባ ኩብና ሶያ ሶስም ስንዴ ሊኖርባቸው ስለሚችል አንጠቀምም፤ ቅመም ካለ ኩብ ምን ያደርጋል! የተፈጨ በርበሬና ሚጥሚጣም ከሱቅ አንገዛም፤ ቤት የተደለዘ ብቻ።

ዶሮው ቀላል ነው። አሮስቶ ስንል ምድጃው የኤሌክትሪክ መሆን አለበት ብላችሁ አታስቡ። ድፎ ዳቦ ከላይና ከታች እሳት ተደርጎለት እንደሚበስል ዶሮም እንዲሁ ይበስላል። ለዚህ ወፍራም የብረት ድስትና ጠርዝ ያለው የብረት ክዳን ያስፈልጋል።

ዶሮው በአሥራ ሁለት ብልት አይገነጠልም፤ ሙሉውን ይዋል። በሎሚና በጨው ታጥቦ በንጹሕ ጨርቅ ይደርቅ፤ እርጥብ ቆዳ አይጠበስም። ለአንድ ዶሮ አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት ከጨው፣ ከቁንዶ በርበሬ፣ ከግማሽ የሻይ ማንኪያ ኮረሪማና ከትንሽ ጥምዝ ጋር ይወቀጥ። ኮረሪማውም ጥምዙም የዚሁ የእኛ ደን ፍሬ ነው፤ ሌላው አገር በውድ የሚገዛውን እኛ ከገበያ በእፍኝ እናመጣለን። ቅመሙ በሁለት የሾርባ ማንኪያ ለጋ ቅቤ ተለውሶ ቆዳውና ሥጋው መካከል፣ ከዚያም ላዩን ይታሽ። ሆዱ ውስጥ ግማሽ ሎሚና የጥብስ ቅጠል ይግባ። ፈረንጆቹ እዚህ የዳቦ ፍርፋሪ ይሞላሉ፤ መሙላት የምትወዱ የተቀቀለ ሩዝና የተጠበሰ ጉበቱን ሙሉ።

ከድስቱ ሥር በወፍራሙ የተቆረጠ ቀይ ሽንኩርት፣ ድንችና ካሮት ተነጥፎ አንድ ብርጭቆ ውኃ ይጨመርበት፤ ዶሮው ከላዩ ይቀመጥ። ፍሙ ከሥር ጥቂት፣ ከክዳኑ ላይ ብዙ ይሁን። ለፈረንጅ ዶሮ ከአንድ ሰዓት ተኩል አያልፍም። የሐበሻ ዶሮ ከሆነ፣ በተለይ እንቁላል ጥላ የጨረሰች፣ በቀጥታ ብትጠበስ ጥርስ ትሰብራለች፤ አስቀድማ በጨው ውኃ በቀስታ አንድ ሰዓት ያህል ትቀቀል፣ ውኃውን አትድፉት። መብሰሉን ለማወቅ ታፋው ወፍራም ቦታ ላይ በቢላ ይወጋ፤ የሚወጣው ፈሳሽ የጠራ ከሆነ፣ ሥጋውም ካልቀላ በስሏል። ከሰሉን በተዘጋ ቤት አታንድዱ፤ በረንዳ ላይ ይሁን።

አንጮቴው ለብቻው ይቀቀልና ተልጦ፣ ተቆርጦ፣ በመጨረሻዋ ሃያ ደቂቃ ከዶሮው ሥር ይግባ። የዶሮውን ስብ ሲጠጣ የሚሆነውን አይተን ነው የምንነግራችሁ፤ ድንቹን የሚያስታውሰው አልነበረም። ጎደሬ የምትጨምሩ በደንብ ቀቅሉት፤ ጥሬነቱ ካልለቀቀ ጉሮሮ ያሳክካል።

መረቁን የውጭ አገር የምግብ መጻሕፍት በስንዴ ዱቄት አወፍሩት ይላሉ። ወጥ በዱቄት ማወፈር የእኛ ሙያ አይደለም፤ ለዶሮ ወጥ ሽንኩርት ከትፈን፣ ያለ ዘይት አቁላልተን እንደምናደርገው፣ ከድስቱ ሥር ያለውን ሽንኩርት በማማሰያ ደቁሰን፣ በተቀቀለበት ውኃ አቅጥነን እናንተክትከዋለን። ቅርጹም ጣዕሙም ይበልጣል።

ለዳቦው፣ መስከረም የእሸት ወራት ነው። የበቆሎ እሸት ተፈጭቶ በኮባ ተጠቅልሎ ይጋገራል። ድፎ ዳቦውን የሚናፍቅ ይኖራል፤ በማግስቱ ቤቱ ይብላ።

ጠላው በገብስ ብቅል ስለሚጠመቅ አይገባም፤ ቢራም እንደዚሁ። ጠጅ ማርና ጌሾ ነው፣ ለልጆችና ለማይጠጡት ብርዝ እናዘጋጃለን፤ ማር በኢሉባቦር አይጠፋም። ለቡናው የገብስ ቆሎ ቀርቶ ፈንዲሻና ሽምብራ ይቆላል፤ ቆሎ ሲቆላበት በኖረ ምጣድ ግን አይደለም።

የቀረን ሦስት ጉዳይ ነው። አንደኛው ገንዘብ ነው፤ ጤፍ ከስንዴ ዱቄት በጣም ይወደዳል፣ ለአንድ ቀን ድግስ እናዋጣለን፣ ለዚያች እናት ግን በየወሩ ነው። ደጋፊዎቻችን ለበዓል ዘይትና የስንዴ ዱቄት ስትልኩልን ለእሷ ቤት የሚሆነውን በጤፍ እንድንቀይረው እንድትፈቅዱልን እንጠይቃለን፤ ኪሎው ያንሳል፣ ግን የሚበላ ይሆናል። በየከተማው እንዲህ ያለ ልጅ ያላት እናት ካለችም ለኮሚቴው ትንገረን። ሁለተኛው ወፍጮ ነው፤ ነሐሴ ውስጥ አንድ ማለዳ ለጤፉ ብቻ እንዲለቀቅልን ከባለ ወፍጮው ጋር የሚነጋገሩ ሁለት ሴቶች ዛሬ ይመረጡ። ሦስተኛው ዕቃ ነው፤ ስንዴ ያልነካው አዲስ ምጣድ ሁለት፣ የብረት ድስት ከክዳኑ አራት እንፈልጋለን፣ ሁለቱ ለሙስሊሞቹ፣ ሁለቱ ለክርስቲያኖቹ። ያላችሁ ከምሳ በፊት አስመዝግቡ። ድስታችሁን ስታመጡ በውስጡ ዳቦ ጋግራችሁበት ታውቁ እንደሆነ ንገሩን፤ በአመድ አሽተን እናጥበዋለን።