ስም ያለው ቢላዋ
(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



የዝግጅት ኮሚቴው አንድ የምወደውን ነገር ለአባላት እንዳካፍል ሲጠይቀኝ፣ ብዙዎቻችሁ ስለ ደረሰኝ አያያዝ እንደማወራ ሳትገምቱ አልቀራችሁም። ዛሬ የማወራው ግን ስለ ቢላዋ ነው። በእጅ የተቀጠቀጡ የወጥ ቤት ቢላዎችን እሰበስባለሁ። እስካሁን አሥራ አራት አሉኝ። ሁሉም ሥራ ላይ ናቸው፤ ለመስታወት ሣጥን የተቀመጠ የለም። ሒሳቡም በኋላ ይመጣል፤ ከሒሳብ ሠራተኛ አታመልጡም።

በመጀመሪያ ልዩነቱን ላስረዳ። ሱቅ የምናገኘው ርካሽ ቢላዋ ከዝርግ ብረት ላይ እንደ ብስኩት እየተቆረጠ የወጣ ነው። ከጀርባው እስከ ስለቱ ውፍረቱ እምብዛም አይለያይም። በእጅ የተሠራው ግን በአገራችን አብዛኛውን ጊዜ ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ ይነሳል። መርካቶ ምናለሽ ተራ የሄደ ሰው አሮጌ ብረት እንዴት ወደ አዲስ ዕቃ እንደሚለወጥ ያውቃል። የባሌስትራ ብረት 0.6 በመቶ ያህል ካርቦን አለው። ካርቦኑ ነው ብረቱ ስለት እንዲይዝ የሚያደርገው። ከግንባታ ፌሮ የተሠራ ቢላዋ ቶሎ የሚደነዝዘው ካርቦኑ ስለሚያንሰው ነው።

ባለእጁ ብረቱን በከሰል እሳት ላይ በወናፍ እያናፋ ያግለዋል፤ በመስፍ ላይ አስቀምጦ በመዶሻ ወደ ስለቱ እያሳሳ ያወርደዋል። ከዚያ ከባዱ ሥራ ይመጣል። ብረቱ 800 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ እስኪደርስ ይግላል፣ ወዲያው ዘይት ውስጥ ይነከራል። በዚህ ጊዜ ብረቱ እንደ ጠርሙስ ይጠነክራል፤ እንደ ጠርሙስም ይሰበራል። ስለዚህ እንደገና ወደ 200 ዲግሪ ሙቀት ይመለስና የተወለወለው ብረት የገለባ ቀለም ሲያመጣ ይወጣል። ብዙዎቹ ባለእጆቻችን ቴርሞሜትር የላቸውም። ሁሉንም የሚለዩት ከእሳቱ ቀለም በዓይናቸው ነው። "ብረትን መቀጥቀጥ እንደጋለ ነው" እያልን የምንተርተው ይህን ሙያ አይተን ነው።

ይህ ሙያ በሌላው ዓለም እንዴት እንደተያዘ ደግሞ ሁለት ምሳሌ ልስጣችሁ።

በጃፓን፣ ከኦሳካ ከተማ አጠገብ፣ ሳካይ የምትባል ከተማ አለች። ለብዙ መቶ ዓመታት የታወቀችው በቢላዋ ነው። እዚያ አንድ ቢላዋ በተለያዩ ባለሙያዎች እጅ ያልፋል፤ አንዱ ይቀጠቅጣል፣ ሌላው ስለቱን ይስላል፣ ሌላው እጀታውን ይገጥማል። እያንዳንዱ ዕድሜውን ሙሉ የራሱን ድርሻ ብቻ ይሠራል። መጨረሻ ላይ ስም በብረቱ ላይ በመሮ ይቀረጻል። የሆቴል ወጥ ሠሪዎች ያንን ስም አንብበው ነው የሚገዙት።

በአሜሪካ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1976 የተመሠረተ የቢላዋ ቀጥቃጮች ማኅበር አለ። የጌታ ማዕረግ የሚፈልግ ሰው በራሱ እጅ የቀጠቀጠውን ቢላዋ ይዞ ይፈተናል። የተንጠለጠለ ወፍራም ገመድ በአንድ ምት መቁረጥ አለበት። በዚያው ቢላዋ ጣውላ ይፈልጣል። ከዚያም ስለቱ ሳይደነዝዝ የክንድ ጠጉር መላጨት አለበት። በመጨረሻ ቢላዋው በመያዣ ተይዞ እስከ 90 ዲግሪ ይታጠፋል፤ ለሁለት ከተሰበረ ሰውየው ወደቀ።

ይህን ፈተና ካለፉት አንዱ ቦብ ክሬመር ይባላል። ቀድሞ ምግብ ቤት ውስጥ ይሠራ ነበር፤ ቢላዋ በመሳልም ይተዳደር ነበር። አንቶኒ ቦርዴን የተባለውን የምግብ ጋዜጠኛ ከእናንተ የሚያውቀው ይኖራል፤ ከማርከስ ሳሙኤልሰን ጋር ወደ አገራችንም መጥቶ ፕሮግራም ሠርቷል። ክሬመር ለእርሱ ከሰማይ የወደቀ የተወርዋሪ ኮከብ ብረት የተቀላቀለበት ቢላዋ ሠራለት። ቦርዴን ካረፈ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2019 ያ ቢላዋ ለጨረታ ቀርቦ በ231,250 ዶላር ተሸጠ። ብረቱ ብቻውን ያን ያህል አያወጣም። ከዋጋው ትልቁ ክፍል የሠሪውና የባለቤቱ ስም ነው።

ወደ እኛ ልመለስ። አራተኛውን ቢላዋዬን ያዘዝኳቸው ባለእጅ በአባቴ ዕድሜ ያሉ ሰው ናቸው። ሥራው ሲያልቅ "ጋሼ፣ ስምዎን ይምቱበት" አልኳቸው። ሳቁና "ተይው ልጄ፣ ስሜን ያየ ሰው ሊገዛው ነው? ባይታወቅ ይሻላል" አሉኝ። ብዙ ከለመንኳቸው በኋላ በስም ፋንታ ሦስት ነጥብ መቱልኝ።

ይህ መልስ ከየት እንደመጣ ሁላችንም እናውቃለን። "ቀጥቃጭ"፣ "ቡዳ" እየተባለ ማረሻችንን የሚሠራልን ሰው ከገበታ የተለየበት አገር ነው። በጎንደር የቤተ እስራኤል ወገኖቻችን ወንዶቹ ብረት እየቀጠቀጡ፣ ሴቶቹ ሸክላ እየሠሩ ገበያውን ሲያገለግሉ ኖረው የተከፈላቸው ስድብ ነበር። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት አዋጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብ ከልክለዋል። አዋጁ ከተነገረ መቶ ዓመት አልፎት፣ እኒህ አባት ዛሬም ስማቸው ዕቃቸውን እንዳያረክስባቸው ይፈራሉ። ሌላው ዓለም ስሙን ጨምሮ ይሸጣል፤ የእኛ ባለእጅ ለመሸጥ ስሙን ይደብቃል።

ለዚህ ነው መሰብሰብ ስል ማከማቸት ማለቴ ያልሆነው። ለእያንዳንዱ ቢላዋ እንደ መሥሪያ ቤት ቋሚ ንብረት መዝገብ አለኝ። የሠሪው ስም ከነአባቱ፣ የተሠራበት ቦታና ቀን፣ ብረቱ ከምን እንደመጣ፣ እጀታው ወይራ ይሁን ዋንዛ ወይም ቀንድ፣ ክብደቱና የከፈልኩት ዋጋ ይመዘገባል። ባለ ሦስት ነጥቡም ቢላዋ እዚያ መዝገብ ላይ ሙሉ ስም አለው።

መጀመር ለምትፈልጉ አንድ መካከለኛ የሽንኩርትና የጎመን መክተፊያ፣ አንድ ረዘም ያለ የሥጋ፣ አንድ ትንሽ መላጫ ይበቃል። ስትገዙ ቢላዋውን ወደ ብርሃን አቅንታችሁ ስለቱ ቀጥ ማለቱን እዩ። ሞረድ ስለቱ ዳር ላይ በቀስታ አስነኩ፤ ሞረዱ ካንሸራተተ ብረቱ በደንብ ጠንክሯል፣ ከነከሰው ለስላሳ ነው። እጀታውን ነቅነቅ አድርጉ። ጀርባው ወፍራም ሆኖ ወደ ስለቱ እየሳሳ የሚወርደውን ምረጡ።

አያያዙም ይለያል። ይህ ብረት ይዝጋል። ሽንኩርት ወይም ሎሚ ከነካ ወዲያው ታጥቦ ይደረቅ፤ ሳይሠራ የሚቀመጥ ከሆነ የምግብ ዘይት ይቀባ። ከጊዜ በኋላ ግራጫና ሰማያዊ ቀለም ቢያመጣ አትደንግጡ፤ ብረቱን የሚጠብቀው ነው። ቀዩ ግን ዝገት ነውና በአመድ እሹት። በሳህን ላይ አትክተፉ፣ እንጨት ይሁን። አጥንት አትምቱበት።

አሁን ሒሳቡ። ለምሳሌ ያህል አንድ የሱቅ ቢላዋ 300 ብር ነው እንበል፤ በየዓመቱም ይቀየራል። በአሥር ዓመት 3,000 ብር ይሆናል። የባለእጁ ቢላዋ 1,200 ብር ቢሆንና ለማሳያ በዓመት 100 ብር ብናወጣ፣ በአሥር ዓመት 2,200 ብር ነው። የ800 ብር ልዩነት አለው፤ ቢላዋውም በእጃችን ይቀራል። በሒሳብ ሥራ ዕቃ ሁሉ የእርጅና ቅናሽ ይደረግለታል። የታወቀ ባለሙያ የሠራው ቢላዋ ግን በአግባቡ ከተያዘ ዋጋው የግድ አይወርድም።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት ለምግብ ዝግጅት ቡድናችን ዕቃ ልንገዛ ስለሆነ ነው። እህቶቻችን ለአንድ ሠርግ ሃምሳ ኪሎ ሽንኩርት ይከትፋሉ። የደነዘ ቢላዋ ኃይል ስለሚፈልግ ያንሸራትታል፤ ጣት የሚቆረጠውም ያን ጊዜ ነው። በግዥ መመሪያችን ግን ሦስት ፕሮፎርማ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና ሕጋዊ ደረሰኝ ያስፈልጋል። በመንገድ ዳር ከወናፉ አጠገብ የሚሠራ ሰው እነዚህን አያቀርብም። ስለዚህ ገንዘባችን ሁልጊዜ ወደ አስመጪው ሱቅ ይሄዳል። መመሪያው ማንንም አይሰድብም፤ ሆኖም ከአሮጌው ንቀት ጋር ውጤቱ አንድ ይሆናል።

ከመመሪያው ሳንወጣ ማድረግ የምንችለውን ላቅርብ። አንደኛ፣ የሙከራ ግዥ እንዲሆን ስድስት ቢላዎች ከፔቲ ካሽ ጣሪያ ሳናልፍ እንዘዝ፤ ባለእጁ በክፍያ ማረጋገጫው ላይ ይፈርሙ፣ ሁለት የኮሚቴ አባላት ይመስክሩ። ሁለተኛ፣ እኛ ራሳችን የንግድ ፈቃድና የመለያ ቁጥር ለማውጣት እንደተረዳዳነው፣ ለሚፈልጉ ባለእጆች ፎርሙን በመሙላት እናግዛቸው፤ እኔ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጊዜዬን እሰጣለሁ። ሦስተኛ፣ በንብረት መዝገባችን ላይ "የሠሪው ስም" የሚል አንድ ዓምድ እንጨምር፤ ሸክላውም፣ ሞሰቡም፣ ቢላዋውም ይገባበታል። ለጋሾቻችንም በሪፖርታችን ላይ ይህን ዓምድ ስታዩ ገንዘባችሁ በማን እጅ እንዳለፈ በስም ታነቡታላችሁ።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ሐሳቡ ለውይይት ክፍት ነው። ከሻይ በኋላ ሦስቱን ቢላዎቼን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለሁ፤ ያዙ፣ መዝኑ፣ ሽንኩርትም አለ፣ ክተፉባቸው። ልጆቹን ብቻ ጠብቁልኝ።