ያልተጠየቀች ልጅ ዝምታ
(በሬዲዮ ዝግጅታችን የቤተሰብ ሰዓት ከቀረበ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ የዓለማት ጌታ ለሆነው ለአላህ የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን። 

ዛሬ ስለ ዘፋኝ ሴቶችና ስለ ሴት ልጆቻችን ላጫውታችሁ ነው። «ደግሞ ይህ በኛ ፕሮግራም ምን ያደርጋል?» የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። ነገሩ ከሳሎናችን የመጣ ስለሆነ ታገሱኝ።

በ2005 ዓ.ም «የኛ» የሚባል የሬዲዮ ድራማ በአዲስ አበባና በአማራ ክልል መሰማት ጀምሮ ነበር። አምስት ወጣት ሴቶች ይተውኑበታል፣ አብረውም ይዘፍናሉ። «ጣይቱ» በተሰኘው ዘፈናቸው አስቴር አወቀም አብራቸው ነበረች። ድራማው ስለ ሴት ልጆች ትምህርት፣ ስለ ጓደኝነትና ያለ ዕድሜ ስለሚፈጸም ጋብቻ ያነሳ ነበር።

በዚያው ሰሞን ለዒድ ባሕር ዳር፣ ፋሲሎ፣ ታላቅ ወንድሜ ቤት ሄድኩ። ከዐስር በኋላ ቡና ተፈልቶ፣ ጎረቤቱ ተሰብስቦ ሳለ የልጃገረዶቹ ዘፈን ከሬዲዮ ተሰማ። ወዲያው ክርክር ተነሳ። አንዱ «ሴት ልጅ አደባባይ ወጥታ እንዲህ ትሆናለች?» አለ። ሌላው «ልጆቻችንን የሚያበላሹት እነዚህ ናቸው» ብሎ ተቀበለው። አንዲት እናት «ተዉ እንጂ፣ የሚያወሩት እኮ ስለኛው ልጆች ነው» ብትልም ሰሚ አላገኘችም። ይህ ሁሉ ሲባል የወንድሜ ልጅ፣ የ15 ዓመቷ፣ ጎንበስ ብላ ቡና ታድላለች። ታላቅ ወንድሟ ፍራሽ ላይ ጋደም ብሎ ሞባይሉን ይነካካል። እሱ ምን እንደሚሰማና ምን እንደሚያይ የጠየቀው አልነበረም።

ስኒ ላግዛት ወጥ ቤት ስገባ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አክስቴ፣ የልጃገረድ ፈቃዷ ዝምታዋ ነው የሚባለው ሐዲስ ሰሒሕ ነው?» አለችኝ።

«አዎ፣ ሰሒሕ ነው» አልኳት።

«እንግዲያው ማንም ሳይጠይቀኝ ዝም ያልኩትስ እሺታ ሊሆን ነው?»

ለካ ከሁለት ሳምንት በፊት ሽማግሌ መጥቶ ቃል ተሰጥቷል። ኒካሑም ለዐረፋ ተቀጥሯል። ልጂቱ የሰማችው ከመጋረጃ ጀርባ ሆና ነው።

ውድ አድማጮች፣ ያን ሐዲስ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ሁላችንም የምናስታውሰው ግን መጨረሻውን ነው። መጀመሪያው ልጃገረድ ፈቃዷ ሳይጠየቅ እንዳትዳር የሚያዝ ነው። ሰሓቦቹ ልጃገረድ ታፍራለችና ፈቃዷ እንዴት ይታወቃል ብለው ሲጠይቁ ነው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዝምታዋን ያነሱት። ዝምታው የጥያቄ መልስ ነው። ጥያቄ በሌለበት ዝምታ መልስ አይሆንም።

አባቷ ለወንድሙ ልጅ የዳራት አንዲት ልጅ ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቤት መጥታ አቤት ማለቷም ተዘግቧል። አባቷን አስጠርተው ጉዳዩን በእጇ ሰጧት። እርሷም አባቷ ያደረገውን እንደተቀበለች፣ ነገር ግን ሴቶች በዚህ ጉዳይ መብት እንዳላቸው እንዲያውቁ ፈልጋ እንደመጣች ተናገረች። ስለ ሌሎች ሴቶች ብላ የተናገረች ወጣት ነቢዩ ፊት ቆማ ተሰምታለች። በኛ ሳሎን ግን ዓይነ አፋርነቷ ብቻ ይመሰገናል።

ይህ የአንድ ቤት ጉዳይ አይደለም። በ2003 ዓ.ም በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ ከሀገሪቱ ክልሎች ሴቶች በለጋ ዕድሜ በማግባት ቀዳሚው የአማራ ክልል ነበር። በጥናቱ ከተካተቱት የክልሉ እናቶች ብዙዎቹ ያገቡት 15 ዓመት ሳይሞላቸው ነው። በ1992 ዓ.ም የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ግን ዝቅተኛውን የጋብቻ ዕድሜ 18 ዓመት አድርጎታል።

ወደ «የኛ» ልመለስ። የዝግጅቱ ዋና ገንዘብ የሚመጣው ከእንግሊዝ መንግሥት ነበር። እዚያ ያሉ ጋዜጦች «የኢትዮጵያ ስፓይስ ገርልስ» እያሉ ተሳለቁበት፣ የግብር ከፋዩ ገንዘብ ባከነ ብለውም ጮኹ። በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም መንግሥቱ ድጋፉን ማቋረጡን አስታወቀ። ስሙ «የኛ» ነበር፣ ዕጣው ግን ለንደን ላይ ይወሰን ነበር። እኔ በዚህ በእንግሊዞች አልፈርድም። የኛን ልጆች ጥያቄ እኛው ብንመልስ ኖሮ የሩቅ ሰው ገንዘብ ባልጠበቅን ነበር።

የሙዚቃ ሑክም ዑለማዎቻችን በስፋት የተነጋገሩበት ነው፤ እዚያ ውስጥ አልገባም። ለልጆቻችን የማይበጅ ዘፈንና ድራማ መኖሩንም አልክድም። ግን አንድ ነገር እናስታውስ። በዒድ ቀን ሐበሾች በመስጊድ ውስጥ በጦር ሲጫወቱ እናታችን ዐኢሻ (ረ.ዐ.) ማየት ፈለገች። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በኩታቸው እየከለሏት፣ ራሷ እስኪበቃት ድረስ አብረዋት ቆሙ። ይህን የምትተርከው ራሷ ናት፤ ለጋ ልጃገረድ ጨዋታ ማየት እንደምትወድ አስቡላት ማለቷም ተዘግቧል። ከ2008 ዓ.ም ወዲህ በቃና ቴሌቪዥን የተተረጎሙ ድራማዎች መጡ፣ ዛሬ ደግሞ ቲክቶክ አለ። ሬዲዮ የዘጋ አባት የልጁን ስልክ ሁሉ ሊዘጋ አይችልም። አጠገቧ መቀመጥ ግን ይችላል። «ምኑ ደስ አለሽ? ይኼኛውስ ልክ ይመስልሻል?» ብሎ መጠየቅ ይችላል።

ለወንዶቹም እንዲሁ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቤት ውስጥ ምን ይሠሩ እንደነበር ዐኢሻ ስትጠየቅ ቤተሰባቸውን ያገለግሉ እንደነበር፣ የሰላት ሰዓት ሲደርስም ወደ ሰላት ይወጡ እንደነበር ተናግራለች። ስኒ ማጠብ ወንድነትን የሚቀንስ የሚመስለን ከሱንና አይደለም፣ ከልማዳችን ነው።

ያን ዕለት እንግዶቹ ሲሄዱ ወንድሜን «ጋሼ፣ ልጂቱን ጠይቀሃታል?» አልኩት። ብዙ ዝም አለ። ከዒሻ በኋላ ጠርቶ አጠገቡ አስቀመጣት። መጀመሪያ አለቀሰች፤ ቀጥላ «አባዬ፣ ትምህርቴን ልጨርስ» አለች። በማግስቱ ሽማግሌዎቹን ይቅርታ ጠየቀ። ያኮረፉ ነበሩ፣ ግን ቀለል አለው። ወንድሜ ያንን ዘፈን ዛሬም አይወደውም። ከዚያ ወዲህ ግን ልጆቹን ሳይጠይቅ ቃል ሰጥቶ አያውቅም።

እናንተም ዛሬ ማታ ይህን ንግግር ሰምታችሁ ወይም አንብባችሁ ስትጨርሱ፣ ቡና የምታድለዋን ልጅ ቁጭ በይ በሏት። ወንድሟ ስኒውን ይሰብስብ። እርሷ ታውራችሁ።

አላህ ሴትም ወንድም ልጆቻችንን የዓይን ማረፊያ ያድርግልን። የአማና ተሸካሚዎች መሆናችንን አያስረሳን። አሚን።