ቆሮሶን ለዘር በማጣመድ ጊዜ ስለሚነሣው ጠብና ስለ መቆጣጠሪያው ዘዴ
(ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



የዛሬው ርእሴ ለመሐንዲሶች ጉባኤ ባዕድ መስሎ ሊታይ ይችላል። ስለ ድልድይና ስለ ግድብ መስማት ለለመደ ጆሮ የዓሣ ጠብ ምኑ ነው? ይሁን እንጂ ይህን ጠብ ለሞት የሚያደርሰው በአብዛኛው የእንስሳው ጠባይ ሳይሆን እኛ የምንሠራው ገንዳ መሆኑን ለማስረዳት እሞክራለሁ።

በጣና ሐይቅ ከሲክሊድ ወገን የሚገኘው ዓሣ አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም ቆሮሶ ወይም ቀረሶ የምንለው፣ በውጭው ዓለም የናይል ቲላፒያ የሚባለው ነው። ሰይፉ ሥዩምና ኢርቭ ኮርንፊልድ የተባሉት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1992 ባወጡት ጽሑፍ የጣናውን ቆሮሶ ራሱን የቻለ ንዑስ ዝርያ አድርገው ገልጸውታል። እንግዲህ በጎርጎራና በደምቢያ ኩሬ ቆፍሮ ዓሣ ለማርባት የሚነሣ ሰው ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው፣ እ.ኤ.አ. በ1988 በፊሊፒንስ እንደ ተጀመረው እንደ ጊፍት ያለ በውጭ አገር የተሻሻለ ዘር ማስመጣት ነው። ሁለተኛው ከራሱ ከጣና ዓሣ እየመረጡ ማሻሻል ነው። የመጀመሪያው ፈጣን ነው፤ ነገር ግን በክረምት ኩሬው ሞልቶ ሲፈስ እንግዳው ዘር ወደ ሐይቁ ሊገባና ከነባሩ ጋር ሊዳቀል ይችላል። አንድ ጊዜ የተቀላቀለውን ዘር መልሶ መለየት አይቻልም።

ሁለተኛው መንገድ ግን የእያንዳንዱ ጫጩት አባትና እናት እንዲታወቁ ይጠይቃል፤ ለዚህም የተመረጡት ወንዴና ሴቴ ለብቻቸው መጣመድ አለባቸው። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ወንዴው ሴቴይቱን አሳድዶና ነክሶ ሊገድላት ይችላል፤ የብዙ ወራት የምርጫ ድካምም አብሮ ይጠፋል።

ምክንያቱን ለመረዳት የዓሣውን ኑሮ በሐይቁ ውስጥ እንመልከት። ወንዴው ጥልቀት በሌለው ዳርቻ አሸዋውን ይቆፍርና ስፍራውን ከሌሎች ወንዴዎች ይጠብቃል። ሴቴይቱ በደረሰች ጊዜ ትመጣለች፤ ዕንቁላልዋን ጥላ በአፍዋ ትሰበስባለች፤ ከዚያም ጫጩቶችዋን በአፍዋ ለማሳደግ ትሄዳለች። ያልደረሰችዋም ብትባረር ሸሽታ ታመልጣለች። በሐይቁ መባረር ሞት አይደለም፤ መውጫ አለና። በሁለት ሜትር ገንዳ ውስጥ ግን መውጫ የለም።

ኦስትሪያዊው ሊቅ ኮንራድ ሎሬንዝ እ.ኤ.አ. በ1963 ስለ ጠበኝነት ባሳተመው መጽሐፍ ጥንድ ሆነው ስለሚኖሩ ሲክሊዶች ጽፏል። ወንዴው የሚቆጣው ጎረቤት ሲያጣ ቁጣውን በሚስቱ ላይ ያዞራል፤ ሁለት ጥንዶች በመስተዋት ተከልለው ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን በየቤታቸው ሰላም ይሆናል። መስተዋቱ አልጌ ለብሶ መተያየት ሲቀር ጠቡ ወደ ቤት ይመለሳል። የእኛ ቆሮሶ ግን ከሴቴይቱ ጋር ተጣምሮ አይኖርምና ይህ ዘዴ ብቻውን አይበቃውም። ስለሆነም የሚከተሉትን ማሟላት ያስፈልጋል።

አንደኛ፤ ወንዴና ሴቴ አስቀድመው ለየብቻ ተከልለው በሚገባ ይመገቡ። ሆድዋ የሞላና የዕንቁላል መውጫዋ ያበጠና የቀላ ሴቴ ብቻ ትመረጥ።

ሁለተኛ፤ በአካል ተቀራራቢ ይሁኑ። ቀድሞ የገባ ስፍራውን የራሱ ያደርጋልና ሴቴይቱ ትቅደም፤ ወንዴውም ለጥቂት ቀናት በመረብ ማዶ ይቆይ።

ሦስተኛ፤ በገንዳው ወለል ላይ ቧንቧና ድንጋይ ለመሸሸጊያ ይቀመጥ። ሴቴይቱ ከወንዴው አነስ ያለች እንደ ሆነ የቧንቧው አፍ እርስዋን የሚያስገባ፣ እርሱን የሚያግድ ይሁን።

አራተኛ፤ ውኃው በአንድ ጊዜ በብዛት አይለወጥ። የብራዚል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 እንዳመለከቱት ውኃ ሲታደስ የቆሮሶ ጠብ ይጨምራል፤ ዓሦቹ በውኃው ውስጥ በሚለቁት ሽታ ማዕረጋቸውን ይተዋወቃሉና።

አምስተኛ፤ ዓይን ይታይ። ድል የተነሣው ቆሮሶ ዓይኑ ይጠቁራል። ዓይንዋ የጠቆረና ጥግ ይዛ የቆመች ሴቴ በዚያው ቀን ትለይ። ዕንቁላል በአፍዋ ከያዘችም ወንዴው ይውጣ።

በአንዳንድ አገሮች የወንዴው የላይኛው ከንፈር አጥንት ይቆረጣል። ይህ ንክሻውን ያቀልላል፤ ነገር ግን የገንዳውን ጉድለት በዓሣው አካል ላይ ማረም ስለሆነ ከሁሉም በኋላ ሊታሰብ የሚገባው ነው።

የአገራችንም ከፍታ መዘንጋት የለበትም። ውኃው ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲወርድ ቆሮሶ መራባቱን ያቆማል፤ ያልደረሰች ሴቴም የወንዴው ሰለባ ትሆናለች። ስለዚህ የዘር ጣቢያው ስፍራ የዳባትና የደባርቅ ደጋ ሳይሆን 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው የጣና ዳርቻ ነው።

ክቡራን ሆይ፤ የዘር ማራቢያ ንድፍ ለምርመራ ሲቀርብልን ስለ ውኃው መጠንና ስለ ወጪው መጠየቃችን የታወቀ ነው። ከእንግዲህ አንድ ጥያቄ እንጨምር፤ በዚህ ገንዳ ውስጥ የተባረረችው ዓሣ የምትሸሸው ወዴት ነው? ንድፉ ለዚህ መልስ ከሌለው ወደ ሠሪው ይመለስ።