ርካሽ መንገድና የወረታ እንግዳ



ጓዙን በጀርባው አዝሎ፣ ገንዘቡን ቆጥሮ በባዕድ አገር የሚዘዋወር ወጣት ለአስጎብኚነት ሙያ አዲስ እንግዳ ይመስላል። ለዚህ አገር ግን አዲስ አይደለም። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ የውሻ መከላከያ በትሩን ይዞ ዘመድ ወደሌለው አገር ሲሻገር ኖሯል። ቅኔ በጎጃም፣ ድጓ በጋይንቷ ቤተ ልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት በዙር አምባ እየተማረ ያለ ሳንቲም አገር ያቋረጠው፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» ባለበት ደጃፍ ቁራሽ የሚሰጠው ሰው ስለ ነበረ ነው። ጉዞው የረከሰው ለተማሪው እንጂ ለአገሩ አልነበረም፤ ዋጋውን የቤቱ እመቤት ከሌማቷ ትከፍል ነበር። ተማሪውም ይህን ያውቃል፤ ከብዙ ደጅ ጥቂት ጥቂት ይለቅማል እንጂ አንዱን ቤት አያራቁትም።

ይህ ሥርዓት ዛሬ ወረታ ላይ ከአውቶቡስ ለሚወርደው እንግዳ ቢነገረው መልካም ነው። ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው ጎዳና 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች፤ ቻይናውያን የሠሩት የወልዲያ መንገድም ከዚሁ ይገነጠላል። በየብስ ወደ ላሊበላ የሚሄድ ሰው በቀጥታ የሚያደርሰው መኪና ካላገኘ እዚህ ይወርድና በደብረ ታቦር፣ በነፋስ መውጫና በጋሸና በኩል መኪና እየለዋወጠ ይጓዛል። የመነኻሪያ ሥራ የማለዳ ሥራ ነው። ረፍዶ የደረሰ መንገደኛ መኪናው እስኪሞላ ሲጠብቅ ይመሽበታል፤ ያላሰበውን የአልጋ ዋጋ ይከፍላል። ሜዳው የወባ አገር ስለሆነም አጎበር የሌለው ርካሽ አልጋ መጨረሻው ውድ ነው።

የምግቡ ነገር ከዚህ የሰፋ ነው። ብዙ እንግዳ የጾም ቀን ሲደርስ የሚበላ የለም ብሎ ብስኩት ይገዛል። ረቡዕና ዓርብ ግን በትንሽ ገንዘብ የሚጠገብባቸው ቀናት ናቸው፤ ሽሮውና ምስሩ ብዙ በላተኛ ስላለው ሳያድር ያልቃል። እንጀራውም ታሪክ አለው። ፎገራ ስሙ የሚነሣው በላሞቹ ነበር። ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ጥቁሩን መሬት ሲያለብሱት ጤፍ ያን ውሃ አይችልም። በ1970ዎቹ ዓ.ም. በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እርዳታ በጅግናና በሻጋ የተሞከረው ሩዝ ግን ተስማማው፤ ዛሬ የብሔራዊ ሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማእከል መቀመጫው ወረታ ነው። ገበሬው ሩዙን ከጤፍ ጋር ደባልቆ እንጀራ ይጋግረዋል፤ ዳቦም፣ ጠላም፣ አረቄም ያደርገዋል። ስለዚህ ነጣ ያለ እንጀራ የቀረበለት እንግዳ ጤፉን አጎደሉብኝ ብሎ ማጉረምረም አይገባውም። የበላው ሜዳው ያበቀለውን ነው።

በአስጎብኚዎች ዘንድ «በሁሉም ተከራከር» የሚል ምክር ተለምዷል። በቅሎ ለሚያከራይ ነጋዴ ይህ ምክር ይሠራ ይሆናል። ሽንኩርት በመደብ ዘርግታ ከምትሸጥ ሴት ላይ ሁለት ብር ማስቀነስን እንደ ብልሃት ማስተማር ግን ለሙያው ነውር ነው። ለቡና የተጠራ እንግዳም ቤቱን የነጻ ምግብ ቤት አድርጎ እንዳይቆጥረው፣ ስኳር ወይም ቡና ይዞ መግባት እንደሚያምርበት አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። ይህን የሚነግረው አስጎብኚው ካልሆነ ማንም አይነግረውም፤ ባለቤቶቹ ይሉኝታ ይይዛቸዋልና።

መንገዱም ሁልጊዜ አንድ አይደለም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደረሰው ጎርፍ የፎገራን ገበሬ ከቤቱ አፈናቅሏል። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በክልሉ ግጭት ከተቀሰቀሰ ወዲህ ደግሞ መንገድ በየዕለቱ የሚጠየቅ ሆኗል። ከዓመታት በፊት የታተመ የጉዞ መጽሐፍ ይህን አያውቅም፤ በዚያው ማለዳ ከወረታ የገባ ሾፌር ያውቃል። ባልደረባ የሆነ ሁሉ የመኪናውን ዋጋ ከመጠቆሙ በፊት ሾፌሩን ይጠይቅ። «ዛሬ አይኬድም» ካለ እንግዳው ባሕር ዳር ይደር።